ሁለት ሰው ተሸክሞት የሚሄድ የድራም ራይዘር እንዴት ይሠራ?

መነሻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በሠርግና በሆቴል ሥራ ላይ ድራም እጫወታለሁ። ባለፈው ጥር በአንድ አዳራሽ ለድራም ተብሎ የጠበቀኝ ራይዘር (ድራሙ ከነተጫዋቹ የሚቀመጥበት ከፍታ) የቢራ ሳጥን ተደርድሮ ከላዩ ጣውላ የተጋደመበት ነበር። ሙሽሮቹ ገብተው ችክችካው ሲሞቅ፣ ፔዳሉን በመታሁ ቁጥር ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ይሸሹ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ የመቀመጫዬ የኋላ እግር ከጣውላው ጠርዝ ወርዶ በጀርባዬ ወደቅሁ፤ ፍሎር ታሙም (በራሱ እግር የሚቆመው ትልቁ ከበሮ) ተከትሎኝ መጣ። ወገቤን ሁለት ሳምንት አሞኛል። ከዚያ ወዲህ የራሴን ራይዘር ይዤ ካልሄድኩ አልጫወትም ብያለሁ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆኑ ሁለት ጠፍጣፋ መድረኮች፣ ሲገጥሙ 2 በ2 የሚሆኑ። ላዩ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ ከሥሩ 5 በ7 ሳንቲ የባሕር ዛፍ ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ እንጨት)፣ ከፍታው 30 ሳንቲ። ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ መጫን አለበት፤ የሚሸከሙት ደግሞ እኔና ቤዚስቱ (ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ) ነን፤ ሌላ ሰው የለንም። ይህ ይሆናል? ባይሆን የቱ ጋ ነው ስህተቱ?

የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉን ለማንበብ እንዳይቸገር የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው ሰብስቤ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ።

መልስ 1
የመጀመሪያው ሰው አናጢ ነው። እግዜር ይማርህ ብሎኝ ቀጥታ ወደ ኪሎው ገባ። 1.22 በ2.44 የሆነው ሙሉ ኮምፔንሳቶ በ18 ሚሊ 32 ኪሎ ገደማ፣ በ12 ሚሊ ግን 21 ኪሎ ገደማ እንደሚመዝን አስልቶ አሳየኝ። ሸክሙን የሚችለው የላዩ ውፍረት ሳይሆን የሥሩ ማገር እንደሆነና በየ40 ሳንቲው ማገር ከገባ 12 ሚሊው እንደሚበቃ አስረዳ። ሞራሌውን በጎኑ አቁሞ መምታት እንጂ በጀርባው ማጋደም እንደማይገባም አጥብቆ ነገረኝ፤ ያው እንጨት 7ቱ ሳንቲ ወደ ላይ ሲቆም፣ 5ቱ ወደ ላይ ከሆነበት እጥፍ ያህል መጉበጥን ይቋቋማል። ይህን አላውቅም ነበር።

መልስ 2
አንድ የክለብ ድራመር ነገሩን ከሥሩ ተቃወመ። እሱ በሚሠራባቸው ቤቶች ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ድራመሩ ከፍ ሲል መብራቱ አናቱን ያቃጥለዋል፤ ወፍራም ምንጣፍ ብቻ በቂ ነው ይላል። ራይዘር ለታይታ ነው እስከማለትም ደርሷል።

መልስ 3
ለዚህ የመለሰችው እህት በባህል ሙዚቃ ቡድን ውስጥ የምትጫወት ናት፤ መልሷ ከጠቅላላው ክር ከወደድኳቸው አንዱ ነው። ድራመር ከፍ የሚለው ሊታይ ሳይሆን ሊያይ ነው ትላለች። ከጎጃም ወደ ጎንደር፣ ከዚያ ወደ ወሎ በሚታለፍበት ጊዜ የምት ለውጡን የሚነግራት የዘፋኙ እጅ ነው፤ እስክስታው ሲጠነክር ደግሞ የምትከተለው የተወዛዋዡን ትከሻ ነው። መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ፊት ለፊቷ አራት ሰው ቆሞ፣ የምታየው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ለዚህ 20 ሳንቲ ይበቃል፤ 30 ከሆነ ይተርፋል። ከዚያ በላይ ከፍ ማለት ግን ከባንዱ መነጠል ነው ባይ ናት። እኔም እስማማለሁ፤ ከዘፋኙ ዓይን መስመር በጣም ከራቅሁ እኔም ጥቅሻውን አላይም።

መልስ 4
የድምፅ ባለሙያ። ይህን ሰው በደንብ አንብቡት። ከሥሩ ባዶ የሆነና ዙሪያው በእንጨት የተዘጋ ሳጥን ራሱ ሌላ ከበሮ ነው ይላል፤ ቤዝ ድራሙ በተመታ ቁጥር ሳጥኑ አብሮ ይጮኻል፤ ያ ጩኸት ማይኩ ውስጥ ገብቶ ዝቅተኛውን ድምፅ ያጨቀየዋል። መፍትሔው ሦስት ነገር ነው። ጎኑ አይታሸግ፤ መሸፈን ካስፈለገ በጨርቅ ይሁን። ከኮምፔንሳቶው ሥር በማገሮቹ መካከል የፍራሽ ስፖንጅ ይለጠፍ። በብረቱ ወይም በሞራሌውና በኮምፔንሳቶው መሀል ስስ ጎማ ይግባ፤ ለዚህ የድሮ የመኪና ከመነዳሪ ተቆርጦ ይሆናል። የማይክ ማቆሚያዎችም ከተቻለ ከራይዘሩ ውጭ መሬት ላይ ይቁሙ፤ ላዩ ላይ ከቆሙ እያንዳንዱን የእግር ምት ይቀበላሉ።

መልስ 5
እኔ ነኝ። አመስግኜ፣ ከሁለቱ የቱ እንደሚቀል ጠየቅሁ፦ የእንጨት ማገር ወይስ የብረት?

መልስ 6 እና 7
ከዋሽንግተን አካባቢ አንድ ወንድም ገባ። እዚያ በየሳምንቱ መጨረሻ በሐበሻ ምግብ ቤቶች ይጫወታል፤ በሐምሌው የእግር ኳስ ፌስቲቫል ሰሞን ደግሞ በአንድ ሌሊት ሁለት ቦታ የሚሠራበት ጊዜ አለ። እሱ የሠራው እዚያ ቱ ባይ ፎር በሚሉት እንጨት ነው፤ እኔም 2 በ4 ኢንች አስፈልጌ እንድሥራ መከረኝ። ወዲያው አናጢው አረመው። ያ እንጨት ስሙ 2 በ4 ይባል እንጂ ደርቆና በመላጊያ ተስተካክሎ የሚሸጠው 38 በ89 ሚሊ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ የመጣን ንድፍ መርካቶ ወስዶ በኢንች ማስቆረጥ መገጣጠሚያውን ሁሉ ያበላሻል። ኮምፔንሳቶው ግን 4 በ8 ጫማ ስለሆነ ከእኛው 1.22 በ2.44 ጋር አንድ ነው። የዋሽንግተኑ ወንድም እርማቱን በደስታ ተቀበለ። ጨዋነት ይሏል እንዲህ ነው።

መልስ 8
በያጁ መጣ፤ ክሩም የዞረው እዚህ ጋ ነው። ብረት ይከብዳል የሚባለው ሳይመዘን የሚወራ ነው ብሎ ቁጥሩን ዘረዘረ። 30 በ30 ሚሊ የሆነ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) በሜትር 1.3 ኪሎ ገደማ ነው። 5 በ7 የሆነ ደረቅ የባሕር ዛፍ ሞራሌ ግን በሜትር ከ2.5 ኪሎ ያልፋል። አንዱ መድረኬ ዙሪያውና ማገሮቹ ተደምረው 10 ሜትር ይፈጃል። በእኔ ንድፍ ሞራሌው ብቻውን 26 ኪሎ፣ ባለ18 ሚሊ ኮምፔንሳቶው ሲጨመር አንዱ መድረክ 48 ኪሎ ገደማ ሊሆን ነው። በቱቦላሬና በ12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ግን 28 ኪሎ። ወረቀት አውጥቼ ራሴ ደመርኩት፤ ልክ ነው። የ20 ኪሎ ልዩነት! ይህን ሳነብ ወገቤ ራሱ የተነፈሰ መሰለኝ።

መልስ 9 እና 10
ከዚህ በኋላ ድምፁ ከረረ። አናጢው የባሕር ዛፍን ክብደት የእንጨት ሁሉ ክብደት ማድረግ አግባብ እንዳልሆነ፣ ጽድ ከባሕር ዛፍ በጣም እንደሚቀል፣ ብረት ደግሞ እንደሚጮኽና ክፍለ ሀገር ላይ በሌሊት ብየዳ ቢላቀቅ በያጅ ከየት እንደሚገኝ ጠየቀ። ሞራሌ ቢሰነጠቅ ግን አንድ ምስማርና አንድ ቁራጭ እንጨት ይበቃል። በያጁ መልሶ፣ በደንብ የተበየደ ቱቦላሬ የሚላቀቀው ባለሙያ ያልሆነ ሰው ሲበይደው ብቻ ነው፤ አናጢው ራሱ ሠርቶ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞት ያውቃል ወይ ብሎ ነካው። አናጢውም ሙያን መናቅ ነውር ነው አለ። ሁለቱም በየሙያቸው የሚያውቁ ሰዎች ናቸውና እንዲህ መነካካታቸው አሳዝኖኛል።

መልስ 11
ነገሩን ያበረዱት ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ሙዚቀኛ ናቸው። ስማቸውን ሳላውቅ በመጀመሪያ አንተ ብዬ ጽፌላቸው ስለነበር ይቅርታ ጠይቄያለሁ። እሳቸው ያሉት፣ ሁለቱም ልጆች እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን የተጠየቀው የቱ ይጠነክራል ሳይሆን ሁለት ሰው የቱን ይሸከማል የሚል ነው። በእሳቸው ዘመን ክፍለ ሀገር ሲወርዱ የጭነት መኪና ጎን ተከፍቶ ወለሉ መድረክ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ ራይዘር የሚሸከም አልነበረም። አሁን ግን አዳራሹ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱን ለሙዚቀኛ ዕቃ አይፈቅዱም። ብረቱን ተከተል፤ እንጨቱን ላዩ ላይ አድርገው አሉኝ።

መልስ 12፣ 13 እና 14
እዚህ ጋ ክሩ ከመንገዱ ወጣ፤ ግን ደስ የሚል መውጣት ነበር። አንዱ ድራምን ወደ ኢትዮጵያ ያመጡት አርባ ልጆች ናቸው ብሎ ጻፈ። ጋሼ አረሙት፦ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች በኬቮርክ ናልባንዲያን የሚመሩ የነሐስ ሙዚቃ ጓዶች ነበሩ፤ ከበሯቸውም እየተራመዱ የሚመቱት የሰልፍ ከበሮ ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ በሁለት እጁና በሁለት እግሩ የሚጫወተው ድራም ሌላ ነገር ነው፤ ራይዘርም የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። መልስ 3 ላይ የጻፈችው እህት ደግሞ የእኛ ከበሮ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ከተጫዋቹ ጋር የሚሄድ ስለሆነ ጥያቄው ድሮ እንዳልነበረ አከለች። ከዚያ የሲምባል ዋጋ ተነሳ፤ እሱን አልፌዋለሁ፤ የሚያበሳጭ እንጂ የሚጠቅም አልነበረም።

መልስ 15
ከእስራኤል የጻፈ ወጣት ፎቶ ጨምሮ የራሱን ራይዘር አሳየ፦ ሁለት ጣውላ፣ በመካከላቸው በተቦረቦሩ ክብ ቀዳዳዎች ውስጥ የተቀመጡ ቴኒስ ኳሶች። ከሥሩ ያሉት ጎረቤቶች መክሰሳቸውን እንዳቆሙ ይናገራል።

መልስ 16
የድምፅ ባለሙያው ግን ሁለቱን ነገር እንዳናምታታ አስጠነቀቀ። የቴኒስ ኳሱ ሥራ ንዝረቱ ወደ ታችኛው ፎቅ እንዳይወርድ መያዝ ነው፤ ስለዚህ ሆን ተብሎ እንዲንሳፈፍ ይደረጋል። ለልምምድ ክፍል ግሩም ነው። መድረክ ላይ ግን እያንዳንዱ የፔዳል ምት መቀመጫውን ስለሚያወዛውዘው ድራመሩ ይደክማል፣ ሲምባሎቹም ይወዛወዛሉ። የመድረክ ራይዘር ንዝረትን በስስ ጎማ መቀነስ አለበት እንጂ ማወዛወዝ የለበትም።

መልስ 17
ዱባይ ውስጥ ለዝግጅቶች መድረክ የሚተክል ወንድም። እዚያ የሚጠቀሙባቸው የአሉሚኒየም መድረኮች 2 በ1 ሜትር ሲሆኑ፣ ካሬ ሜትሩ 750 ኪሎ እንዲችል ተብለው የሚሸጡ አሉ። እኔ ግን ያን ያህል አያስፈልገኝም፤ ድራሙ ከነብረታ ብረቱ 60 ኪሎ፣ እኔ 75፣ ድምሩ 135 ኪሎ በ4 ካሬ ላይ ነው። ሰው የሚሳሳተው ወደ ታች የሚጫነውን ሲያስብ ነው ይላል፤ ራይዘርን የሚጥለው ወደ ጎን የሚገፋው ነው። ቤዝ ድራሙ ወደ ፊት ይገፋል፣ ድራመሩ ወደ ኋላ፤ እግሮቹ ከላሉ ሁሉም ይወዛወዛል። ስለዚህ እግሩ በቧንቧ ውስጥ ገብቶ በጎን ብሎን የሚጠብቅ ይሁን አለ። 30 በ30 ቱቦላሬ ውስጡ 27 ሚሊ ክፍት ስለሆነ 25 በ25ው ይገባበታል፤ የሚተርፈውን 2 ሚሊ ክፍተት በጎኑ የተበየደ ዳዶ ውስጥ የሚገባው ብሎን እግሩን ከግድግዳው ጋር አጣብቆ ያጠፋዋል። በያጁም አናጢውም በዚህ ተስማሙ። ከ9 እና ከ10 በኋላ ይህን ማየት ጥሩ ነበር።

መልስ 18
አንድ ሰው ድንኳን ውስጥ መሬቱ ወጣ ገባ ሲሆንስ ብሎ ጠየቀ፤ በያጁ መለሰ። ከእግሩ ጫፍ ዳዶ ይበየድና ከታች በኩል 12 ሚሊ ብሎን ይግባበት፤ የብሎኑ ራስ መሬት ላይ ቆሞ፣ በመፍቻ ሲዞር እግሩ ይረዝማል ያጥራል። ዝናብ የነካው ሣር ላይ ደግሞ እንዳይሰምጥ በእያንዳንዱ እግር ሥር 10 በ10 ሳንቲ የላሜራ ቁራጭ ይነጠፍ።

መልስ 19
በቤተ ክርስቲያናቸው በየሳምንቱ ድራም የሚያፈርሱና የሚገጥሙ ልጆችን የምታስተባብር እህት የራሷን ገጠመኝ አካፈለች። ሁለቱ መድረኮቻቸው እርስ በርስ ስላልታሰሩ በዝማሬው መካከል ተለያይተው የሃይሃቱ (በእግር የሚጫወቱት ጥንድ ሲምባል) አንድ እግር ስንጥቁ ውስጥ ገባ፤ ልጁ እግሩን ፔዳሉ ላይ እንደያዘ ዘመመ። ከዚያ ወዲህ ከሥር በኩል በሦስት ቦታ በብሎንና በእጅ በሚጠብቅ ባለ ክንፍ ዳዶ ያስሩታል። መገጣጠሚያውም ፊትና ኋላ ሳይሆን ግራና ቀኝ እንዲሄድ፣ ቤዝ ድራሙ ፊተኛው ላይ፣ መቀመጫው ኋለኛው ላይ ሙሉ በሙሉ እንዲያርፉ ያደርጋሉ። ከኋላ ጠርዝ 4 ሳንቲ ከፍታ ያላት ዘንግ እንጨት መትታ፣ ላዩን ነጭ ፕላስተር አድርጋለች፤ ጨለማ ውስጥም ይታያል። ያቺ እንጨት ጥር ላይ ብትኖረኝ ኖሮ አልወድቅም ነበር።

መልስ 20
መልስ 2ን የጻፈው የክለብ ድራመር ተመልሶ መጣ። ሐሳቡን አልቀየረም፤ ግን ራይዘር የሚሠራ ሰው ምንጣፉን እንዳይረሳ መከረ። ልቅ ምንጣፍ ከእነ ድራሙ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ሞኬቱ በኮላ ይለጠፍ፤ ከቤዝ ድራሙ ፊትም አንዲት ቁራጭ እንጨት በቪቴ ትመታ። ለቤቱ ጠባብነት ያለው እውነት ነው፤ እኔም ዝቅ ባለ ጣሪያ ሥር እግሮቹን ነቅዬ መድረኩን መሬት ላይ ማስቀመጥ እንድችል አድርጌ የሠራሁት እሱን ሰምቼ ነው።

መልስ 21
አሁን የእኔ ሪፖርት። ሠርቼ ጨርሻለሁ። አራት ዘንግ 30 በ30 ቱቦላሬ፣ አንድ ዘንግ 25 በ25፣ ሁለት ባለ12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ወጣበት። ኮምፔንሳቶው ሲቆረጥ የተረፈው ጠባብ ቁራጭ ለኋላው ጠርዝና ለቤዝ ድራሙ ማቆሚያ ሆነ። በረጅሙ ጎን ሁለት ሁለት የእጅ መያዣ ቀዳዳ አስከፍቼ፣ ጠርዛቸውን ጣት እንዳይቆርጥ በብርጭቆ ወረቀት ደጋግሜ አለሰለስኩት።

አንዱን መድረክ ሰፈራችን ወፍጮ ቤት ወስጄ በእህል ሚዛኑ ላይ አስመዘንኩት። ባለ ወፍጮው ጤፉን ከሚዛኑ አውርዶ ቦታ ለቀቀልኝ፤ ዱቄት የጠገበው ሚዛን ወዲያና ወዲህ ብሎ 29 ላይ ቆመ። ብሎኖቹ፣ ስፖንጁና ሞኬቱ አንዲት ኪሎ ጨምረው ነው። እግሮቹ ለብቻ በማዳበሪያ ከረጢት ይያዛሉ።

ቅዳሜ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርን። እኔና ቤዚስቱ አንዱን መድረክ በጎኑ አቁመን፣ በየደረጃው መታጠፊያ አንዴ አንዴ እያሳረፍን አወጣነው፤ ሁለቱንም አውጥተን፣ እግሩን ከትተን፣ አጥብቀን ስንጨርስ 25 ደቂቃ ሆነ። ሌሊቱን በሙሉ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ዘፋኛችን ወደ ወሎ ስትሻገር እጇን ከትከሻዋ በላይ ሳታነሳ ጣቷን ብቻ አየሁ።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። የኋለኛው መድረክ በግራ በኩል፣ ክብደቴን ወደ ፍሎር ታሙ ሳዞር ሲጥ ይላል። ሙዚቃው ሞቆ እያለ አይሰማም፤ በትዝታው ሰዓት ግን ይሰማል።

መልስ 22
አናጢው መለሰ፤ በያጁም ወዲያው ከሥሩ አጸናለት። ሲጥ የሚለው ብረቱ ሳይሆን ኮምፔንሳቶው ቱቦላሬው ላይ ሲፈገፈግ ነው፤ በዚያ ጥግ ከመነዳሪው ሳይደርስ ቀርቶ ይሆናል። ቪቴዎቹን ፈትቼ እንዳይ ነገሩኝ። ፈታሁ፤ ጎማው አንድ መዳፍ ያህል አጥሮ ነበር። ቁራጭ ጨምሬ መልሼ አጠበቅሁት፤ እሑድ በትዝታው ሰዓት ጸጥ አለ።

መልስ 23
የዋሽንግተኑ ወንድም የእግሩን ርዝመትና የብሎኑን ቁጥር ጠይቋል፤ ለሐምሌው ሊሠራ ነው። እግሩ 28 ሳንቲ፣ 10 ሳንቲው ውስጥ ይገባል፤ የጎኑ ብሎን ባለ10 ሚሊ፣ የታችኛው ባለ12 ሚሊ ነው። የመድረኩ ውፍረት ሲደመር ወለሉ 30 ሳንቲ አይሞላም፤ እሱ ደግሞ በቂ ነው።